ጣዕሙን ያልለቀቀ፣ ለሚቆጣ አንጀት የሚስማማ የቤት ምግብ፦ ስለ ዝቅተኛ ፎድማፕ አመጋገብ ተገልጋዮች ሊያውቁት የሚገባ መረጃ

የሆድ መነፋት፣ ቁርጠት፣ የጋዝ መብዛት፣ ተደጋጋሚ ተቅማጥና የሆድ ድርቀት ዜጎችን ወደ ጤና ተቋማት ከሚያመጡ ችግሮች መካከል ይገኛሉ። ከእነዚህ ታማሚዎች አንዳንዶቹ አስፈላጊው ምርመራ ሁሉ ተደርጎላቸው ተውሳክም ሆነ ቁስለት አይገኝባቸውም፤ ሕመሙ ግን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት አይለቃቸውም። በተለምዶ «ጨጓራ» በሚል አንድ ስም ከሚጠሩት ችግሮች አንዱ ይኸው በሕክምና ቋንቋ አይ ቢ ኤስ የሚባለው በቀላሉ የሚቆጣ አንጀት ሕመም ነው።

በኅብረተሰባችን ዘንድ ሆዱን ለሚያመው ሰው ቀድሞ የሚሰጠው ምክር «በርበሬ ተው፣ አልጫ ብላ» የሚል ነው። ታማሚውም ምክሩን ተቀብሎ የክክ አልጫ፣ የገብስ ሾርባና ወተት ይመገባል፤ ሕመሙ ግን ይብስበታል። ለዚህም ምክንያት አለ። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ክክ፣ ገብስና ወተት አንጀቱ ለሚቆጣ ሰው ከበርበሬው ይልቅ የሕመም መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ጽሑፍ ዝቅተኛ ፎድማፕ የተባለው አመጋገብ ምን እንደ ሆነ፣ ከመጀመሩ በፊት ምን መደረግ እንዳለበት፣ እንዲሁም የአገራችንን ወጥ ጣዕሙን ሳያጣ በዚሁ ሥርዓት እንዴት ማዘጋጀት እንደሚቻል ለማስገንዘብ ተዘጋጅቷል።

ፎድማፕ ምንድን ነው?

ፎድማፕ በትንሹ አንጀት ውስጥ በሚገባ የማይመጠጡ፣ በትልቁ አንጀት ውስጥ ደግሞ በባክቴሪያዎች የሚብላሉ የስኳር ዓይነቶች የጋራ መጠሪያ ነው። ስያሜውና በእርሱ ላይ የተመሠረተው አመጋገብ በአውስትራሊያ፣ ሜልበርን ከተማ በሚገኘው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቀረቡ ሲሆን፣ ቃሉ በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ መታየት የጀመረው በ2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በዚህ ስም ሥር የሚጠቃለሉት ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

• ፍሩክታን፦ በቀይ ሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በስንዴና በገብስ ውስጥ በብዛት ይገኛል።
• ጋላክታን፦ በአተር፣ በባቄላ፣ በሽምብራ፣ በምስርና በሌሎች ጥራጥሬዎች ውስጥ ይገኛል።
• ላክቶስ፦ የወተት ስኳር ነው።
• ከግሉኮስ መጠን በላይ የሆነ ፍሩክቶስ፦ በማርና በማንጎ ውስጥ ይገኛል።
• ፖሊዮል፦ በእንጉዳይና በአበባ ጎመን ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ስኳር አልባ በሚባሉ ማስቲካዎችም ውስጥ ይጨመራል።

እነዚህ ስኳሮች ሳይመጠጡ ሲቀሩ ውኃ ወደ አንጀት ይስባሉ፤ ወደ ትልቁ አንጀት ሲደርሱም ተብላልተው ጋዝ ይፈጥራሉ። አንጀትም ይወጠራል። ይህ በጤነኛ ሰውም ላይ የሚሆን ነገር ነው፤ ጉዳትም አያስከትልም። አይ ቢ ኤስ ያለበት ሰው አንጀት ግን ለውጥረቱ ከመጠን በላይ ስሜት ስላለው ሕመም ይሰማዋል። በመሆኑም ሽንኩርትም ሆነ ሽሮ «መጥፎ ምግብ» አይደለም። ለሌላው የቤተሰብ አባል ጠቃሚ የሆነው ምግብ ለዚህ ሰው በዚያ መጠን አልተስማማውም ማለት ብቻ ነው።

አመጋገቡን ከመጀመርዎ በፊት

ዝቅተኛ ፎድማፕ አመጋገብ ምርመራን የሚተካ አይደለም። በአገራችን የሆድ ሕመም በአሜባ፣ በጃርዲያ፣ በጨጓራ ባክቴሪያ፣ በአንጀት ቲቢና በሌሎችም ሊታከሙ በሚችሉ በሽታዎች ምክንያት ይከሰታል። እነዚህ ሳይለዩ ምግብ እየቀነሱ መቆየት በሽታው እየከፋ እንዲሄድ ጊዜ መስጠት ነው። በተለይ ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱ ካለ አመጋገብን ከመለወጥ በፊት በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

• ደም የተቀላቀለበት ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣
• ሳይፈለግ የመጣ የክብደት መቀነስ፣
• ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ፣
• ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ወይም ሕመም፣
• የደም ማነስ፣
• ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ አዲስ የጀመረ የሆድ ሕመም፣
• በቤተሰብ ውስጥ የትልቁ አንጀት ካንሰር መኖር።

አገልግሎቱን ለማግኘት በቅድሚያ በአቅራቢያ ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ መሄድ ተገቢ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆኑ ተገልጋዮች የታደሰ የአባልነት መታወቂያ መያዝ ይኖርባቸዋል፤ ወደ ሆስፒታል መሄድ የሚያስፈልግ ከሆነም የሪፈራል ወረቀቱን ከጤና ጣቢያው መቀበልን መዘንጋት የለባቸውም። ለባለሙያው ሥራ እንዲያግዝ ለ1 ሳምንት ያህል የተበላውን፣ የተበላበትን ሰዓትና የተሰማውን ሕመም በደብተር መዝግቦ መቅረብ ይመከራል።

ሴሊያክ የተባለው የግሉተን በሽታ የሚጠረጠር ከሆነ የደም ምርመራው መደረግ ያለበት ስንዴና ገብስ ከመተዋቸው በፊት ነው። እነዚህን እህሎች ካቆሙ በኋላ የሚደረግ ምርመራ በሽታው እያለ የለም የሚል ውጤት ሊሰጥ ይችላል።

ነፍሰ ጡር እናቶች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ሕፃናት፣ ክብደታቸው ዝቅተኛ የሆነ ሰዎችና የስኳር ሕሙማን ይህንን አመጋገብ ያለ ባለሙያ ክትትል መጀመር የለባቸውም።

ሦስቱ ደረጃዎች

አመጋገቡ በጊዜ የተወሰነ ሙከራ እንጂ የዕድሜ ልክ ክልከላ አይደለም።

የመጀመሪያው ደረጃ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ከፍተኛ ፎድማፕ ያላቸው ምግቦች በአነስተኛዎቹ ይተካሉ። በ6 ሳምንት ውስጥ ምንም ለውጥ ካልታየ ሕመሙ ከእነዚህ ምግቦች ጋር የተያያዘ ላይሆን ስለሚችል ወደ ቀድሞው አመጋገብ ተመልሶ ባለሙያን ማማከር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ደረጃ መፈተኛ ነው። ሕመሙ ከቀለለ በኋላ ምግቦቹ አንድ በአንድ ይመለሳሉ። ለምሳሌ ወተትን ለመፈተን በመጀመሪያው ቀን ሩብ ብርጭቆ፣ በሁለተኛው ግማሽ፣ በሦስተኛው አንድ ብርጭቆ ይጠጣል፤ ከዚያም 2 ወይም 3 ቀን ዕረፍት ተደርጎ ወደ ሌላው ይታለፋል። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ስንዴ ሁሉም ፍሩክታን ቢኖራቸውም ለየብቻ ይፈተናሉ፤ አንዱ ያልተስማማው ሰው ሌላው ሊስማማው ይችላልና። ፈተናው እስኪያበቃ ድረስ የቀረው ምግብ ሁሉ እንደ መጀመሪያው ደረጃ ይቀጥላል።

ሦስተኛው ደረጃ ዘላቂው ነው። የተስማማው ሁሉ ወደ ማዕዱ ይመለሳል፤ ያልተስማማው ብቻ በመጠን ይያዛል። ከሦስቱም ይህ ደረጃ እጅግ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ ብዙዎች በመጀመሪያው ላይ ቆመው ይቀራሉ። ይህም ሊታረም ይገባዋል። የሚከለከሉት ስኳሮች ለአንጀት ጠቃሚ ለሆኑ ባክቴሪያዎች ምግብ በመሆናቸው ለረጅም ጊዜ ማቋረጥ እነዚህን ባክቴሪያዎች ይቀንሳል። ጥራጥሬና ወተት መተውም የፕሮቲን፣ የአሰርና የካልሲየም እጥረት ሊያስከትል ይችላል።

በአገራችን ማዕድ ላይ የሚገኙ ምግቦች

እህል፦ ከጤፍ ብቻ የተጋገረ እንጀራ ለዚህ አመጋገብ የተሻለው ምርጫ ነው። በከተሞች ለሽያጭ የሚቀርብ እንጀራ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ሊሆን ስለሚችል ገዢው ጠይቆ መረዳት ይኖርበታል። ሩዝ፣ ማሽላና አጃም ይስማማሉ፤ የበቆሎ ዱቄት በመጠኑ ይቻላል። የስንዴ ዳቦ፣ ፓስታ፣ የገብስ ገንፎ፣ በሶና የገብስ ቆሎ ግን በመጀመሪያው ደረጃ ይቆያሉ። በቅንጬ ፈንታ የአጃ ቅንጬ፣ በገብስ ቆሎ ፈንታ ለቡና ቁርስ ፈንዲሻ ወይም አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ መተካት ይቻላል።

አትክልት፦ ድንች፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ፎሶሊያ፣ ሰላጣና ዝንጅብል ይስማማሉ። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ዝኩኒና ጥቅል ጎመን በመጠኑ ይበላሉ። ቀይ ሥር፣ አበባ ጎመንና እንጉዳይ ይቆያሉ። የባሮ ሽንኩርትና የቅጠል ሽንኩርት አረንጓዴው ክፍል ተስማሚ ሲሆን ነጩ ክፍል ግን ፍሩክታን ስላለው ተቆርጦ ይለያል።

ፍራፍሬ፦ ብርቱካን፣ ፓፓያ፣ አናናስና ገና ያልለሰለሰ ሙዝ ይስማማሉ። ማንጎ፣ ፖምና ሐብሐብ ይቆያሉ። አቮካዶ በቀጭን ቁራጭ ካልሆነ አይመከርም። ሙዝ እጅግ በበሰለ መጠን ፍሩክታኑ ይጨምራል።

ሥጋ፣ ዶሮ፣ ዓሣና እንቁላል፦ እነዚህ ፎድማፕ የላቸውም። ችግር የሚያመጣው አብሯቸው የሚበስለው ሽንኩርት ነው።

የወተት ተዋጽኦ፦ ወተት ከፍተኛ ላክቶስ አለው። እርጎም ከወተት ያነሰ ቢሆንም ላክቶስ አያጣም። የተነጠረ ቅቤ ግን ላክቶሱ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ይስማማል። አይብ አጓቱ በሚገባ ከተጠለለ በጥቂቱ ሊሞከር ይችላል።

መጠጥ፦ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ዝንጅብል የገባበት ቀጭን ሻይ እንዲሁም የናና ሻይ ይስማማሉ። የእንስላል ሻይ ለሆድ ተብሎ በብዛት ቢጠጣም ፍሩክታን ስላለው በዚህ ደረጃ አይመከርም። ቡና ፎድማፕ ባይኖረውም አንጀትን ያንቀሳቅሳልና መጠኑን መቀነስ ይበጃል። በማር ፈንታ ጥቂት ስኳር መጠቀም ይቻላል።

በሁሉም ዘንድ መጠን ወሳኝ መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል። ለየብቻቸው የሚስማሙ ምግቦች በአንድ ጊዜ በብዛት ሲበሉ ድምራቸው ሕመሙን ሊቀሰቅሰው ይችላል።

የወጥ ጣዕም ከወዴት ይመጣል?

«ሽንኩርት የሌለው ወጥ ወጥ አይደለም» የሚለው አባባል የሚያስደነግጣቸው ተገልጋዮች ጥቂት አይደሉም። ቁሌት ውስጥ ሽንኩርት የሚሠራው ሥራ ሦስት ነው፤ ለወጡ ውፍረት ይሰጣል፣ ጣፋጭነት ይጨምራል፣ የበርበሬውንም ቅጥል ያለዝባል። እነዚህን ሦስት ሥራዎች የሚሠራ ሌላ ነገር ከተገኘ የቀረው የቅመም፣ የቅቤና የትዕግሥት ጉዳይ ነው።

ፍሩክታን በውኃ ውስጥ የሚሟሟ ሲሆን በዘይት ውስጥ አይሟሟም። ስለዚህ የነጭ ሽንኩርትን መዓዛ በዘይት አውጥቶ ፍሩክታኑን ማስቀረት ይቻላል። የተላጠ፣ ያልተከተፈ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ውስጥ በቀስታ እሳት ወርቃማ እስኪሆን ይጠበሳል፤ ከዚያም አንዱም ሳይቀር ተለቅሞ ይወጣል። ሽንኩርቱ ሳይወጣ ውኃ፣ ቲማቲም ወይም ሌላ እርጥበት ያለው ነገር መጨመር የለበትም፤ ፍሩክታኑ ወደ ወጡ ይገባልና።

ማስጠንቀቂያ፦ በቤት ውስጥ የተዘጋጀ የነጭ ሽንኩርት ዘይት በክፍል ሙቀት ማስቀመጥ ቦቱሊዝም የተባለውን ለሕይወት አስጊ የሆነ የምግብ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። ሽታውም ሆነ መልኩ ሳይለወጥ ሊበከል ስለሚችል በተዘጋጀበት ዕለት ተጠቅሞ የተረፈውን መድፋት ያስፈልጋል።

የቅቤ አነጣጠር

ለ1 ኪሎ ግራም ለጋ ቅቤ አንድ እፍኝ ደረቅ የኮሰረት ቅጠል፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የተከካ ኮረሪማ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ በሶቢላ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የተከተፈ ዝንጅብልና 1 የሻይ ማንኪያ እርድ ይዘጋጃል። ቅቤው በቀስታ እሳት ይቀልጣል፤ አረፋው እየተገፈፈ ይወጣል። ቅመሙ ከተጨመረ በኋላ ቅቤው ጠርቶ ዝቃጩ ወደ ታች እስኪወርድ ድረስ ሳያር ይጠበቃል፤ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል።

በዚህ ቅቤ ውስጥ ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት አይገባም። ለጋ ቅቤ እንደ ዘይት ውኃ የሌለው አይደለምና የሽንኩርቱ ፍሩክታን በውኃው አማካይነት ሊቀላቀል ይችላል። ከገበያ የሚገዛ የተነጠረ ቅቤም በሽንኩርት የተነጠረ መሆን አለመሆኑን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

የበርበሬ ዝግጅት

በርበሬ በልማድ ሲደለዝ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት ይገባበታል። ብዙዎች ሽንኩርት ከወጡ አስቀርተውም ሕመሙ ያልተዋቸው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ለታማሚው የሚሆን ጥቂት በርበሬ ለብቻ ማዘጋጀት ነው። ዛላው ተለቅሞ፣ ደርቆና ተቀንጥሶ ከዝንጅብል፣ ከበሶቢላና ከጤና አዳም ጋር ይደለዛል፤ እንደገና በፀሐይ በሚገባ ይደርቃል። ከዚያም ለየብቻ የታመሱ ኮረሪማ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ጨው ተጨምረው ይፈጫል። በሚገባ ያልደረቀ በርበሬ ሻጋታ ስለሚያበቅልና ሻጋታው ለጉበት ጎጂ የሆነ መርዝ ሊያመነጭ ስለሚችል ለድርቀቱ ጥንቃቄ ማድረግ ያስፈልጋል።

የበርበሬ ማቃጠል ራሱ ፎድማፕ አይደለም። ይሁን እንጂ አንዳንድ ሰዎች አንጀት ሚጥሚጣና በርበሬ ይቆጠቁጠዋል፤ እንዲህ ያሉት መጠኑን ቀንሰው በኮረሪማ፣ በእርድና በዝንጅብል ጣዕሙን ማካካስ ይችላሉ።

ሽንኩርት የሌለበት ቁሌት

ለ6 ሰው ለሚሆን ወጥ 3 መካከለኛ ካሮት፣ 1 ትንሽ የተቀቀለ ድንች፣ 2 መካከለኛ ቲማቲም፣ ግማሽ ብርጭቆ ዘይት ወይም የተነጠረ ቅቤ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ዝንጅብል እና 1 ብርጭቆ የተከተፈ የቅጠል ሽንኩርት አረንጓዴ ክፍል ያስፈልጋል።

1. ካሮቱ በደቃቁ ተፍቆ ጥቂት ውኃ ጠብ እየተደረገበት በቀስታ እሳት እስኪልም ይበስላል። ሽንኩርቱ ይሰጥ የነበረውን ጣፋጭነት የሚተካው ይህ ነው።
2. ዘይቱ ተጨምሮ ይቁላላል፤ በርበሬው ገብቶም ሙቅ ውኃ በማንኪያ እየተጨመረ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይማሰላል። ይህን ጊዜ ማሳጠር አይገባም፤ የበርበሬው ቅጥል የሚጠፋው በዚህ ነው።
3. ዝንጅብሉ፣ የተከተፈው ቲማቲምና የተፈጨው ድንች ይጨመራሉ፤ ድንቹ ውፍረቱን ይሰጣል።
4. ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ አረንጓዴው የሽንኩርት ቅጠል፣ ኮረሪማና መከለሻ ይጨመራሉ። ቅጠሉ ብዙ ከበሰለ መዓዛው ስለሚጠፋ በመጨረሻ መግባት አለበት።

ለዶሮ ወጥ የተገነጠለው ዶሮ በሎሚና በጨው በሚገባ ታጥቦ ከሦስተኛው እርምጃ በኋላ ይገባል፤ የተቀቀለ እንቁላልም ወደ መጨረሻው ይጨመራል። ይኸው ቁሌት ለሥጋ ወጥና ለዓሣ ወጥ ያገለግላል፤ እንጀራ ተቆራርሶ ሲገባበትም ፍርፍር ይሆናል። የወጡ መልክ ከተለመደው ጥቂት ቀላ ሊል ይችላል።

ጥብስ ከሁሉም የቀለለ ነው። ሥጋው በተነጠረ ቅቤ ይጠበሳል፤ የጥብስ ቅጠል፣ ጥቂት ቃሪያና የሽንኩርቱ አረንጓዴ ቅጠል ይጨመርበታል። ክትፎም በቅቤ፣ በኮረሪማና በሚጥሚጣ የሚዘጋጅ በመሆኑ ይስማማል፤ ነገር ግን ጥሬ የበሬ ሥጋ የኮሶ ትል ስለሚያስተላልፍ በሚገባ አብስሎ መመገብ ይመከራል። የኮሶ ትልም ራሱ የሆድ ሕመም እንደሚያመጣ ሊታወስ ይገባል።

በጾም ወቅት

የጾም ማዕዳችን በሽሮ፣ በምስርና በክክ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ታማሚው የሚቸገረው በዚህ ወቅት ነው። የመጀመሪያውን ደረጃ ከረጅም አጽዋማት ውጭ ባለ ጊዜ መጀመር ሥራውን ያቀልላል። ይህ ካልተቻለ የሚከተሉትን መጠቀም ይቻላል።

አትክልት፦ ድንች፣ ካሮትና ፎሶሊያ በነጭ ሽንኩርት ዘይት፣ በእርድና በዝንጅብል በአልጫ ይሠራሉ። ጎመንም በዚሁ ዘይት፣ በዝንጅብልና በጥቂት ቃሪያ ይጣፍጣል።

የቅባት እህሎች፦ 1 የሾርባ ማንኪያ ታምሶ የተፈጨ ተልባ በውኃ ተበጥብጦ፣ በጨውና በጥቂት ሚጥሚጣ ተቀምሞ ለፍትፍት ይሆናል። ታምሶ የተፈጨ ኦቾሎኒ ለአንድ ሰው 2 የሾርባ ማንኪያ ያህል ከላይ በተገለጸው ቁሌት ውስጥ ሲበጠበጥ ሽሮን የሚመስል ወጥ ይወጣዋል። የሻገተ ወይም የመረረ ኦቾሎኒ መጠቀም አይገባም።

ምስር፦ የጥራጥሬ ጋላክታን በውኃ ስለሚሟሟ ምስሩን ለሰዓታት ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ በብዙ አዲስ ውኃ ቀቅሎ ያንንም ማጥለል ፎድማፑን ይቀንሰዋል። እንዲህ የተዘጋጀ ምስር በ2 የሾርባ ማንኪያ ተጀምሮ ሊሞከር ይችላል። ሽሮ ግን ዱቄት በመሆኑ ውኃው ሊደፋ አይችልም፤ ስለዚህ እስከ ሁለተኛው ደረጃ ይቆያል።

በረመዳን ወቅት በኢፍጣር ላይ የሚቀርቡት ተምር፣ የስንዴ ወይም የገብስ ሾርባና በምስርና በሽንኩርት የተሞላ ሳምቡሳ ከፍተኛ ፎድማፕ አላቸው። ሾርባውን በአጃ ወይም በሩዝ፣ የሳምቡሳውን መሙያ በሥጋና በአረንጓዴ የሽንኩርት ቅጠል መለወጥ፣ የተምሩንም ቁጥር መቀነስ ይቻላል። የሳምቡሳው ሊጥ ከስንዴ የተሠራ በመሆኑ ከአንድ ፍሬ ባይበልጥ ይመረጣል።

በየትኛውም ጾም ከረጅም ሰዓት በኋላ በአንድ ጊዜ ብዙ መመገብ ራሱ ሕመሙን ይቀሰቅሳል። በጥቂቱ ጀምሮ፣ ከፋፍሎ መመገብ ይጠቅማል።

በአንድ ማዕድ

ለየት ያለ አመጋገብ የሚከተል ሰው ከሚገጥመው ችግር ሁሉ ከባዱ ከቤተሰቡ መሶብ መለየት ነው። ለብቻው በሳህን የሚበላ ሰው ጤንነቱ ቢመለስ እንኳ ማኅበራዊ ሕይወቱ ይጎዳል፤ ብዙዎችም ሥርዓቱን የሚያቋርጡት በዚህ ምክንያት ነው። ይህንን ለመቀነስ ቤተሰቡ ሊወስዳቸው የሚችላቸው እርምጃዎች አሉ።

• ዋናውን ወጥ ያለ ሽንኩርት ሠርቶ፣ ለሌሎች የሚሆነውን ሽንኩርት ለብቻ አቁላልቶ በጎን ማቅረብ፤
• በትሪው ላይ የሚስማሙትን ወጦች በታማሚው በኩል ማድረግ፤
• የተነጠረውን ቅቤና በርበሬ ለሁሉም አንድ ዓይነት አድርጎ ማዘጋጀት፤
• በጉርሻ ጊዜ «ይህችን ብቻ» እያሉ አለማስገደድ።

በሠርግ፣ በለቅሶና በማኅበር ጥሪ ላይ ጥብስ፣ ጎመን፣ ሩዝና የተቀቀለ እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ የተሻሉ ምርጫዎች ናቸው። ከመሄድ በፊት በቤት ጥቂት መመገብም ይረዳል። በሦስተኛው ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው አልፎ አልፎ ጥቂት ቢቀምስ አንጀቱን አይጎዳም፤ የሚያስከትለው ጊዜያዊ ምቾት ማጣትን ብቻ ነው።

ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ይህ አመጋገብ ለክብደት መቀነስ ያገለግላል?
አያገለግልም። በአመጋገቡ ላይ ሳሉ ክብደትዎ ከቀነሰ ለባለሙያ ማሳወቅ አለብዎት።

ግሉተን ከሌለው ምግብ ጋር አንድ ነው?
አንድ አይደለም። ግሉተን ፕሮቲን ሲሆን ፎድማፕ ስኳር ነው። ስንዴና ገብስ ሁለቱም ስላላቸው ይመሳሰላሉ እንጂ ሽንኩርት ግሉተን የለውም፤ ፍሩክታኑ ግን ከፍተኛ ነው።

ሽንኩርቱን በወጡ አብስሎ፣ ከመብላት በፊት ለቅሞ ማውጣት አይበቃም?
አይበቃም። ፍሩክታኑ በወጡ ውኃ ውስጥ ስለሚሟሟ ሽንኩርቱ ቢወጣም እርሱ ይቀራል።

መድኃኒት እየወሰድኩ አመጋገቡን መከተል እችላለሁ?
በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት በአመጋገብ ምክንያት አይቋረጥም። ሁለቱንም በአንድነት ስለ መከተል መድኃኒቱን ያዘዘልዎትን ሐኪም ያማክሩ።

ለሁሉም አይ ቢ ኤስ ላለበት ሰው ይሠራል?
ብዙዎች ይሻላቸዋል፤ ለሁሉም ግን አይሠራም። ጭንቀት፣ የእንቅልፍ ማጣትና የእንቅስቃሴ ማነስም ሕመሙን ያባብሱታልና አብረው ሊታዩ ይገባል።

ተገልጋዮች ሊይዙት የሚገባ ፍሬ ነገር

ምርመራ ይቀድማል፤ ክልከላው በሳምንታት የተወሰነ ነው፤ ግቡም የተስማማውን ምግብ ሁሉ ወደ ማዕድ መመለስ ነው። በዚህ ሂደት ውስጥ ጣዕም አልባ ምግብ የመመገብ ግዴታ የለም፤ ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ ዝንጅብሉ፣ የተነጠረው ቅቤና በትዕግሥት የተቁላላው በርበሬ በቦታቸው አሉ። ሕመምዎ ከቀጠለ ወይም ከላይ ከተዘረዘሩት አሳሳቢ ምልክቶች አንዱን ካዩ፣ የመዘገቡትን የምግብ ደብተር ይዘው በአቅራቢያዎ ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ፣ አመጋገቡንም በሐኪም ወይም በሥነ ምግብ ባለሙያ ምክር እንዲከተሉ በአክብሮት እናሳስባለን።